ከሦስታችን አንድ ስም

እሁድ፣ ጥር 4

ይህን ደብተር ከምሠራበት መደብር የጽሕፈት መሣሪያ ክፍል ካመጣሁት ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር። ለሰው የማይነገር ነገር ሲገጥመኝ ትዝ አለኝ።

ትናንት መደብሩ ሊዘጋ ሲል ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። ወንበር ሲስብልኝ ነገር እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ።

"የማጣሪያ ሽያጩ ሲያልቅ የአልጋ ልብስ ክፍሉ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርዶ ከልብስ ክፍሉ ጋር ይቀላቀላል" አለኝ። "ከእናንተ ከሦስታችሁ የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። የክፍሉ ኃላፊ እርስዎ ስለሆኑ እስከ ማጣሪያው ማብቂያ የምትሰናበተውን የአንዷን ስም ጽፈው ይስጡኝ።"

ፖስታ ሰጠኝ። ውስጡ ፎርም ነው። ስም፣ ምክንያት፣ የኃላፊ ፊርማ። ለምክንያቱ አራት መስመር ትተውለታል።

"የራሴንም ስም መጻፍ እችላለሁ?" አልኩት እንደ ቀልድ አድርጌ።

"ሦስት ናችሁ" አለኝ፣ ሳይስቅ።

የእኔ እኩያ እናት ያለችው ልጅ ነው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንተም ይበዛበታል።

ሦስታችን እንግዲህ እነዚህ ነን። አንዷ እኔ ነኝ፤ በዚህ ፎቅ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት። ሁለተኛዋ ንቧ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንድ ቦታ ስለማትቆም ነው ስሙን ያወጣንላት። የስምንት ወር ሕፃን አላት። አባትየው የውሃ ሽታ ሆኗል። ሦስተኛዋ እቴቴ ናት።

ስለ እቴቴ ለመጻፍ አራት መስመር አይበቃም። ወደዚህ መደብር እጄን ይዛ ያስገባችኝ እሷ ናት። አንሶላ ማጠፍ ያስተማረችኝ እሷ፣ ከክፉ ደንበኛ ጋር መሳቅ ያስተማረችኝ እሷ፣ ሳገባ ቀሚሴን ያጠበበችልኝ እሷ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንዲት ክፍል ቤትና ይህ ፎቅ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት "ሰኞን እጠብቃለሁ" ትለኛለች።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ፖስታውን ሹራቦቼ ሥር አደረግሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሙሉ ቀን ቀይ የቅናሽ ወረቀት ስንለጥፍ ዋልን። በአንሶላው፣ በትራስ ልብሱ፣ በፎጣው፣ በብርድ ልብሱ። ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣበቁ። ንቧ ሦስት መደርደሪያ ስትጨርስ እቴቴ አንዱን እያጋመሰች ነበር፤ እጇ ሲሠራ አፏ ይበልጥ ይሠራል።

የምታወራው ስለ ድሮው ማጣሪያ ነው። ስትጀምር እኔም አልቀረሁም። ያን ጊዜ ማጣሪያ በዓመት አንዴ፣ ለአምስት ቀን ብቻ ነበር። ሰው ከንጋት ጀምሮ በብርድ ተሰልፎ፣ ከአፉ እንፋሎት እየወጣ ይጠብቃል። በሩ ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደረጃው ላይ ቆሞ "ልጆች፣ ጸጉር!" ይላል። ሁላችንም ጸጉራችንን እንነካለን። ከዚያ በሩ ይከፈትና ጎርፉ ይገባል።

"የአንቺ ጸጉር ግን ሁልጊዜ አመፀኛ ነበር" አለችኝ እቴቴ። "በየዓመቱ ምራቄን እንትፍ ብዬ የማስተኛልሽ እኔ ነበርኩ።"

ንቧ "ኧረ በናታችሁ፣ በምራቅ?" አለች። ሳቅን። ደስ የሚል ቀን ነበር። አንድም ጊዜ ፖስታውን አላሰብኩትም ብል እዋሻለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ተከፈተ። ለመጻፍ አቅም የለኝም። እግሬ አብጧል።

ሁለት ሴቶች አንድ ብርድ ልብስ በሁለት በኩል ይዘው "እኔ ቀድሜ ነው ያየሁት" እየተባባሉ ፎቁን ዞሩት። እቴቴ መሃላቸው ገብታ አንዷን ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ሴትዮዋ እየሳቀች ለቀቀች። ንቧ ከሂሳብ ማሽኑ አልተነሳችም። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ምሳ አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

የእቴቴ አሻሻጥ ሌላ ነው። ደንበኛዋ አንሶላውን ዳሰስ ስታደርግ ብድግ ታደርገውና ትዘረጋዋለች። አንዱን ጫፍ ለሴትዮዋ ትሰጣታለች። "ያዢልኝ እስቲ፣ እህቴ።" ከዚያ ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ ወደ ኋላ ሄደው፣ ወጠር አድርገው፣ ወደ ፊት መጥተው ያጥፋሉ። እያጠፉ ያወራሉ። አልጋው ስፋቱ ስንት ነው፣ ልጅቷ አገባች ወይ፣ ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ። አጥፈው ሲጨርሱ አንሶላው የሚገኘው ሴትዮዋ ክንድ ላይ ነው፤ መልሺ የሚላትም የለም። እንዲህ አድርጋ የዚህን ከተማ ግማሽ አስተኝታዋለች።

የመጀመሪያ ቀኔ ትዝ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከእህቴ የተዋስኩት ጫማ እግሬን ልጦኛል። ጠዋት ደንበኛ አልነበረምና ጫፉን ለእኔ ሰጠችኝ። በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ስይዘው አይታ "አትፍሪ፣ አይናከስም" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ "ምን ሲያሠሩሽ ዋሉ?" አለችኝ፤ "ሲያስጨፍሩኝ" አልኳት። እውነቴን ነበር። እንደዚያ ቀን ሥራ የጣመኝ ጊዜ የለም። አዲስ ጨርቅ የሚሸተውን ያን ሽታ እስካሁን ስሸተው ሃያ ሁለት ዓመት ይሆነኛል።

ዛሬ እቴቴ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ሩብ ሰዓት ቆመች። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ያጉረመርማል። ንቧ በዚያው ጊዜ ስድስት ሰው ሸኘች። ዓይኔ ስላየው ብቻ ነው የጻፍኩት።

ሰኞ፣ ጥር 12

እቴቴ ከምሳ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ገባች። ደረጃው ነው። ሊፍቱ ለደንበኛ ብቻ ከሆነ ወዲህ በየእርከኑ ታርፋለች። የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ስለሆነ ነው እንጂ አስቤ አልቆጠርኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ለማጣሪያው ብለው ያመጧቸው አንሶላዎች አሉ። የእኛ የቆዩ ዕቃዎች አይደሉም። ባለፈው ሳምንት በጭነት መኪና መጡ፣ ቀይ ወረቀት ተለጠፈባቸውና ከጥሩዎቹ ጋር ተደባለቁ። ብርሃን ላይ ሲያዙ ማዶ ያሳያሉ።

ዛሬ ሁለት ወጣቶች መጡ፤ ሊጋቡ ነው መሰለኝ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ከእነዚያ አንሶላዎች አራት አነሱ። እቴቴ ከእጃቸው ተቀበለችና መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

"ይሄን ተዉት፣ ልጆቼ። ሁለቴ ሲታጠብ ወንፊት ይሆንባችኋል። ከዚያኛው አንድ ውሰዱ። አንድ ጥሩ አንሶላ ይበቃችኋል፤ ገና ናችሁ፣ ብዙም አትተኙበት።"

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ልጁ ጆሮው ቀላ። አንድ ጥሩ አንሶላ ገዝተው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ከመጋረጃዎቹ ጀርባ ቆሞ ኖሯል። መጥቶ "ሰሙ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ልብ አላልኩም።"

"ልብ ይበሉ። ጽፈው ቢይዙት ጥሩ ነው።"

እነሆ ያዝኩት። እቴቴ ከማዶ ሆና "ምን አለሽ?" አለችኝ። "ስለ መብራት ነው" አልኳት። ምላሴ እንዴት እንደፈጠነ።

ድሮ ቢሆን የእቴቴን ንግግር የሰማው ኃላፊ ስብሰባ ላይ አንስቶ ያስጨበጭብላት ነበር። "ደንበኛን ያዳነ መደብሩን አዳነ" የሚል ሰው ነበር። አሁን የሚያስጨበጭበው ማሽኑ ነው። ደግሞ እቴቴም ትንሽ ብትጠነቀቅ ምን ነበረበት? ሰው ማዶ መኖሩን ሳያዩ እንዲህ ይወራል?

እሁድ፣ ጥር 18

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ሬዲዮ ፈቶ ብሎኖቹን በመስመር ደርድሯል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የማይፈታው ነገር የለም። እኔ ተቀምጬ ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ።

ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ለማጣሪያው መስኮት ላይ የሚወጣ አንድ ትልቅ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አለ፤ ዙሪያው የእጅ ዳንቴል፣ በመደብሩ አንድ ብቻ። ተኩሺው ተባልኩ። ካውያውን ጨርቁ ላይ አስቀምጬ ከሽቶ ክፍሏ ልጅ ጋር ለማውራት ደረጃው ድረስ ወጣሁ። አንድ ወሬ ብቻ ነበር። ስመለስ የካውያው ቅርጽ መሃሉ ላይ ቡናማ ሆኖ ታትሟል።

ኃላፊው መጣ። "የማን ሥራ ነው?" አለ። ቃጠሎውን በእጄ ሸፈንኩት። እቴቴ ከመሰላሉ ላይ ወረደችና "የእኔ ነው። ካውያውን ረስቼው ነው" አለች። እንዲሁ፣ ጉንጯ እንኳ ሳይቀላ። በኋላ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ እያለቀስኩ ስይዛት "ዝም በይ፣ አንቺ አዲስ ነሽ፣ ያባርሩሻል። እኔን ምን ያደርጉኛል?" አለችኝ።

አደረጓት እንጂ። በዚያ ወር ምክትል ልትሆን የታጨችው እሷ ነበረች። ቀረ። ከዓመታት በኋላ የኃላፊው ቦታ ሲከፈትም ማኅደሯ ላይ የተቃጠለው ጨርቅ ተጽፎ ስለነበር እኔ ተሾምኩ። ያን ቀን ከሁሉም ቀድማ ያቀፈችኝ እሷ ናት። "የእኔ ልጅ" አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጻፍኩት። ይቅለለኝ ብዬ ነበር፣ አልቀለለኝም። ግን የድሮ ነገር ነው። የድሮ ነገር ፎርም ላይ አይሞላም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ከመጸዳጃው በር ጀርባ። ንቧና የካፖርት ክፍሏ ሴት ገቡ። ወሬው ወጥቷል ማለት ነው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚደበቅ ነገር አለ ብዬ ማሰቤ ራሱ ሞኝነት ነው።

የካፖርቷ "ማንን የምትጽፍ ይመስልሻል?" አለች።

"እኔን ነዋ" አለች ንቧ። "እቴቴንማ እንዴት አድርጋ? እናቷ ማለት እኮ ናት። እቴቴን ከምትነካ እጇን ትቆርጣለች።"

"እሱስ እውነትሽን ነው።"

እስኪወጡ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ስለ እኔ እንዲህ ማሰባቸው ቀኑን ሙሉ ሲያሞቀኝ ዋለ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ንቧ ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ ፎጣዎቹ ጋ ያዘችኝ።

"አለቃዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። እኔ ነኝ?"

የሕፃኗ ትውከት ትከሻዋ ላይ ደርቋል፤ አላየችውም። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁላት።

"አንቺ አይደለሽም" አልኳት።

ወዲያው አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሮጣ ማሽኑን አበራች። ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። የምትጠይቀኝ መስሎኝ መልስ ሳዘጋጅ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሰው በሰው። ፎጣ አለቀ። የልጆች ብርድ ልብስ አለቀ። አንድ ሽማግሌ የሚስታቸውን አልጋ ልብስ ለመግዛት መጥተው ቀለሙ ጠፋባቸው፤ እቴቴ "ከአሥር ዓመት በፊት የወሰዱት ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ ነጭ" አለቻቸው። ልክ ናት። ግን ማሽኑ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ አንዱን ዕቃ ሁለቴ መታችው፣ ንቧ አስተካከለችላት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው።

ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ሳለሁ እግሬ ሥር በርጩማ ገፋችልኝ።

"ተቀመጪ። ፊትሽ ጠቁሯል።"

"ደንበኛ አለ፣ እቴቴ።"

"ደንበኛ ሁልጊዜ አለ።" አጎንብሳ ጫማዬን ራሷ አወለቀችልኝ። እሷ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ። "አንቺ ልጅ፣ ምን እንደከበደሽ አውቃለሁ። አትንገሪኝ፣ አልጠይቅሽም። ልብሽ ያለሽን አድርጊ። ልብሽን አውቀዋለሁ።"

እዚያው ብነግራት ኖሮ። ነገር ግን አንዲት ሴትዮ ትራስ ልብስ ይዛ መጣችና ሁለታችንም ተነሳን።

ሰኞ፣ ጥር 26

የራሴን ስም ጻፍኩ። በፎርሙ ላይ አይደለም፣ በሌላ ወረቀት። ጽፌ አየሁት። የእጅ ጽሑፌ ከወትሮው አማረልኝ። ከዚያ ቀደድኩት።

እኔ ብሄድ ክፍሉን ማን ይመራዋል? እቴቴ ማሽኑን አትችልም፣ ንቧ ልጅ ናት። የባለቤቴ የሳል መድኃኒትስ በምን ይገዛል? ቤት ውሎ ሬዲዮ ከሚፈታ ሰው ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ልዋል? አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የት ሄጄ ምን እላለሁ? እቴቴ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ መውጣቷ ላይቀር። ሁለት ዓመት ምን አላት?

ይህን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው አልወደድኩትም። አልሰርዘውም ግን።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ለባለቤቴ ነገርኩት። እራት በልተን ሳህን ሳነሳ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ንቧን፣ ሕፃኗን፣ ሩብ ሰዓቱን፣ አሥራ ሁለት ደቂቃውን፣ ወንፊቱን። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሰላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ረጅም መንገድ አያሰለቸውም።

ስጨርስ "ስለ ልጅቷ ጥፋት አንድም አልነገርሽኝም" አለኝ።

"ልጅቷማ ምን ታጠፋለች?"

"ስለ ራስሽም።"

"የእኔ ምን አለ?"

"እኔ እንጃ። የእቴቴን ብቻ ነው በሰዓትና በደቂቃ የምታውቂው።"

ተቆጣሁት። ሥራ ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም አልኩት፤ ሰው አስተዳድረህ አታውቅም፣ ያስተዳደርከው ጎማ ነው አልኩት። ጎማ ማለቴ ክፉ ነበር። ሳህኑን ከእጄ ተቀብሎ አጠበው። እኔ ክፍል ገብቼ ሹራቦቼን አነሳሁ።

አርብ፣ ጥር 30

ሰጠሁ። ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ሥራ አስኪያጁ ኮቱን ሳያወልቅ። አላነበበውም፤ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "ከባድ እንደነበር እገምታለሁ" አለኝ።

አራቱንም መስመር ሞላሁት። ሳይበቃኝ ቀርቶ ከሥር ቀጥያለሁ። ቀኖቹን እንዳልሳሳት ትናንት ማታ ይህን ደብተር ገልጬ ነበር።

እቴቴ ዛሬ ሳቂታ ነበረች። ከመጋዘን አንድ የቀረ ወፍራም ብርድ ልብስ አግኝታ "ለባልሽ ሳል" ብላ አስቀመጠችልኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

የሆነውን እንደሆነ ልጻፍ።

መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆነው አምሽተዋል። ቀይ ወረቀቶች ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ከሰዓት በኋላ እንደ ድሮው የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ሰው የተረፈውን ትራስ ልብስ ነጠላውን ሳይቀር እያነሳ፣ እየተገፋፋ፣ እየሳቀ። የካፖርት ክፍሏ ሴት ወደ ላይ መጥታ አገዘችን። አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ሁሉንም ረስቼ ነበር። እቴቴን ከሩቅ ሳያት ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት እንደነበረችው እቴቴ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ክንዷ ላይ አንሶላ፣ ለሦስት ሴቶች በአንድ ጊዜ ታወራለች። ይህ ቀን ባያልቅ አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

በሩ ሲዘጋ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ። ደስ ብሎታል።

"በጣም ጥሩ ተገጣጠመ" አለኝ። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። አንዱ የእኔ ፎርም ነው። ሌላው የእቴቴ እጅ ጽሑፍ፣ እነዚያ ጠንቃቃ ትልልቅ ፊደሎች። በፈቃዷ ሥራዋን እንደምትለቅ። ቀኑን አየሁት። ጥር 15።

"ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ያመጡት" አለኝ። "እስከ ማጣሪያው ማብቂያ እንዳልነግርዎ ቃል አስገቡኝ። 'ብታውቅ እንቢ ትላለች፣ ሥራዋ ላይም ልቧ አይኖርም' አሉ። የእርስዎም ፎርም ያንኑ ስም ስለያዘ ከዋናው ቢሮ ጥያቄ አይነሳም። ምክንያቶቹም የተሟሉ ናቸው።"

ማለት፣ እኔ ደቂቃ ስቆጥር እሷ ሄዳ ነበር። ማለት፣ በርጩማውን ስትገፋልኝ፣ ጫማዬን ስታወልቅልኝ፣ ከዚያ በፊት ጽፋ ሰጥታለች። ምንም ባልጽፍ ኖሮ ይኸው ነበር የሚሆነው። ባዶ ፖስታ ብሰጠው እንኳ። አንድ ቀን ብታገስ እንኳ።

"ፎርሙን ይመልሱልኝ" አልኩት።

"ተመዝግቧል" አለኝ።

ስወጣ ሁሉም ፎቁ ላይ ተሰብስበዋል። ንቧ፣ የካፖርቷ፣ የታች ፎቅ ገንዘብ ተቀባዮች፣ ጠባቂው ሳይቀር። እቴቴ ነግራቸዋለች። ንቧ ዓይኗ አብጧል። እቴቴ ግን መሃላቸው ቆማ እንደ ሙሽራ እናት እጇን ታወናጭፋለች። ስታየኝ መጥታ ሁለት እጄን ያዘችኝ።

"አሁንማ ነገረሽ። እንዳትቆጪኝ። ያን ቀን 'ስለ መብራት ነው' ባልሽኝ ማግስት ልጁን ሄጄ አወጣጣሁት። ሌላ ምን ላደርግ? አንቺን አውቅሻለሁ። የእኔን ስም አትጽፊም፣ የዚህችን እናት ስም አትጽፊም። ታዲያ ማን ቀረ? እሱን ልጅ አልኩት፣ 'ያቺ ሞኝ የራሷን ስም ጽፋ ታመጣልሃለች፤ ስታመጣ ሳትከፍት ቅደድልኝ' አልኩት።" ወደ ሰዎቹ ዞረች። "የራሷን ነው የምትጽፈው አላልኳችሁም?" ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ አለች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ሁሉም ግን ይሰማል። "ጽፈሽ ነበር አይደል?"

ሥራ አስኪያጁ ከበስተኋላዬ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ትንፋሹን እሰማዋለሁ።

"አዎ" አልኩ።

"አውቅ ነበር" አለች እቴቴ። ያን ጊዜ ነው ገና ማልቀስ የጀመረችው። "አውቅ ነበር። የእኔ ልጅ።"

ንቧ መጥታ አንገቴ ላይ ወደቀች። የካፖርቷ ግንባሬን ሳመችኝ። ጠባቂው ኮፍያውን አውልቆ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሥራ አስኪያጁ መብራቱን ሊያጠፋ ሄደ። እቴቴ ቦርሳዋን አንግታ፣ ደረጃውን በየእርከኑ እያረፈች ወረደች፤ በየፎቁ ላገኘችው ሁሉ ምን እንዳደረግሁላት እየነገረች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። በየፎቁ ሰዎቹ እሷን አሳልፈው እኔን እየጠበቁ፣ አንድ በአንድ እየሳሙኝ እስከ በሩ ሸኙኝ።